ለመርከብ እራት ልጅ ምን ይለብሳል?

መርከብ ላይ ለሚበላ እራት ልጅ ምን ይለብሳል? ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን ጥያቄ ከእኔ በፊት ተጠይቆ የመለሰ ሰው ካለ እባካችሁ አገናኙኝ፤ ምሳ በእኔ ነው። እኔ የህንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ምስማር፣ ስለ ፌሮ ጠይቁኝ፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም እመልሳለሁ። ስለ ልጆች ልብስ የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይቀደዳል። እሱንም ያወቅሁት ባለቤቴ ሰዓዳ እያሳየችኝ ነው።

ጥያቄውን ይዛብኝ የመጣችው ታናሽ እህቴ ዘይነብ ናት። እኛ ዘይኑ እንላታለን። ዓረብ አገር ከሄደች ቆይታለች፤ እዚያ በሰው ቤት የሰው ልጅ ታሳድጋለች። የእሷን ልጅ ሐያትን ደግሞ እኛ እናሳድጋለን። ሐያት ወደ እኛ ስትመጣ ጥርስ አልነበራትም፤ አሁን አራተኛ ክፍል ናት፣ ጥርሷም ምላሷም ሙሉ ነው። ሰዓዳን «እማ» ትላለች፣ እኔን «አብዬ»። ዘይኑን ምን እንደምትላት ግን አልወሰነችም። በስልክ ስናገናኛቸው «ሰላም ነሽ?» ትልና ስልኩን ለአብዱ ታቀብለዋለች። አብዱ የእኔ የበኩር ልጅ ነው፤ ስልክ ከሰጡት ከማንም ጋር ያወራል፣ የተሳሳተ ቁጥር ቢሆን እንኳ ደንታ የለውም።

ዘንድሮ ዘይኑ ለእረፍት መጣች። ሐያት እንግዳ እንደምትጨብጥ ጨብጣት ሰዓዳ ኋላ ተደበቀች። ዘይኑ «ማሻአላህ፣ አደግሽ» አለችና ሻንጣዋን ለመክፈት ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ዚፑ አስቸግሯት ነው ብዬ ላግዛት ስጠጋ ሰዓዳ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ፤ አንዳንድ ቁንጥጫ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሱቅ መጥታ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች።

«አያ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እምቢ እንዳትለኝ።»

«ነፍሴንም ብትይ» አልኳት። ይህች ሱቅ እንኳ የቆመችው በእሷ ላብ ነው፤ እምቢ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ?

«ማዳሜ በየዓመቱ ቤተሰቧን ይዛ መርከብ ላይ ትሳፈራለች። እኔም ለልጆቹ ብዬ አብሬ እሄዳለሁ። መርከብ ስልህ፣ ደሴን አንስተህ ውሃ ላይ አስቀምጠው! ማታ ማታ ልጆቹን አጥቤ፣ አበጥሬ፣ አልብሼ ለእራት አወርዳለሁ። እራቱ ሕግ አለው። ቁምጣ አይገባ፣ ሸበጥ አይገባ። ወንዱ ሱፍና ዝግ ጫማ፣ ሴቷ ቀሚስ። በር ላይ ቁመው ያያሉ፤ ካላማራቸው ይመልሳሉ።»

«ልጅን ከእራት ይመልሳሉ?»

«ወላሂ ይመልሳሉ።»

ወሎ ውስጥ ልጅን በልብሱ አይቶ ከምግብ የሚመልስ ሰው አላውቅም፤ ቢኖርም እናቱ አልመረቀችውም። ይህን ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የሰው ልጅ ሳለብስ፣ ሐያትስ ዛሬ ምን ለብሳ ይሆን እያልሁ ነው የኖርሁ። አንድ ማታ የራሴን ልጅ አልብሼ፣ ውሃ ላይ ከጎኗ ቁጭ ብዬ እራት ልብላ። ኸዚያ ወዲያ ብሄድም አይቆጨኝ።»

«አብሽሪ» አልኳት፤ «አንቺ ቀኑን ቁረጭ፣ መርከቡ የእኔ ነው።»

ሰው ሲያዝን ቃል መግባት መጥፎ አመል ነው። ሐይቃችን ላይ መርከብ የለም። ያለው የካፒቴን ጀልባ ነው። ካፒቴን ስሙ ሌላ ነው፤ ጀልባ ከገዛ ወዲህ በስሙ የሚጠራው እናቱ ብቻ ናት። ወጣት ነው፣ ያላገባ፣ ክረምት ከበጋ ቁምጣ ለባሽ። በዘይኑ ሕግ ቢሄድ ከገዛ ጀልባው በር ላይ ይመለስ ነበር። የጀልባው ጣሪያ የእኔ ቆርቆሮ ስለሆነ ዋጋ ላይ አልተጨቃጨቅንም። እራቱም ዓሣ እንዲሆን ተስማማን። ድግሳችን የማያልፋት ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ክርስቲያን ናት፤ እኛ ያረድነውን እሷ አትበላም፣ እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም። ዓሣን ግን ማን አረደው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፈጣሪ ወሎን አስቦ የፈጠረው ምግብ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ። ዘይኑ ለሐያት ቀሚስ ይዛ መጥታለች። ነጭ ነው፤ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ሪቫን፣ ታቹ ላይ ሦስት ድርብ ዳንቴል። ሰዓዳ ስታየው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ነው የነካችው። ሐያት ለበሰችው። ትከሻው ላይ ሰፍቶ ይንሸራተታል፤ ከታች ደግሞ ጉልበቷ ጋ ሳይደርስ አልቋል። ልጅቷ ቀጭንና ረዥም ናት፤ ዳገት ቁልቁለቱን እየሮጠች ያደገች። ቀሚሱ የተገዛው ለደልዳላና ለአጭር ነው።

«በማን ልክ ነው የገዛሽው?» አለች ሰዓዳ፤ ሳታስበው ነው ያለችው።

ዘይኑ የሚንሸራተተውን ትከሻ ቀና አደረገች። «የማዳሜ ልጅ እኩያዋ ናት» አለች። «በእሷ ለክቼ ነው።»

በየቀኑ የምታለብሳት እሷን ነው፤ እጇ የሚያውቀው የእሷን ትከሻ ነው። ልጇን በሰው ልጅ ልክ ስታሳድጋት ኖራለች። ሐያት ቀሚሱን አውልቃ፣ እጥፋቱን ሳታዛንፍ አጥፋ፣ እንደ ሰው ዕቃ በሁለት እጇ መለሰችላት።

በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ የምታይ ሌላ ልጅ ነበረች። ቤቲ ትባላለች፤ የእትዬ ሙሉ የልጅ ልጅ ናት። ደልዳላ፣ አጭር፣ ጉንጯ የሚቆነጠጥ። ዓይኗ ከዳንቴሉ አልተነቀለም። ዘይኑ አየቻት። «ነይማ እናቴ» አለችና አጠለቀችላት። ልክ ሆነ! ቤቲ እየተሽከረከረች ወደ ቤቷ በረረች፤ ዘይኑም ቀሚሱ የነበረበትን ባዶ ላስቲክ ይዛ ቀረች። ዛሬም የሰው ልጅ አለበሰች።

በዚህ ጊዜ ሰዓዳ ወገቧን አሰረች። «ሐያትም ወንዶቹም እንደ ሕጉ ይለብሳሉ፤ ተውሼ አመጣለሁ» ብላ ወጣች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀንም እንዋሳለን። ችግሩ መዋሱ አይደለም። ችግሩ፣ እኛ አገር ልብስ ያዋሰ ሰው ልብሱ የሚሄድበትን ማወቅ አለበት፤ ካወቀ ደግሞ ልብሱን ብቻውን አይልከውም።

«ለምንድን ነው ሱፉ?» ይሏታል።

«ለዘይኑ እራት» ትላለች ሰዓዳ። መርከብ ብትል ይስቁብኛል ብላ ፈርታ ነው።

አስቡት እንግዲህ። ከዓረብ አገር የመጣች፣ ባል የሌላት ሴት አለች። እራት አለ። ልጆች ሱፍ ይለብሳሉ። በሐይቅ ከተማ ልጅ ሱፍ የሚለብሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሽራ ፊት አበባ ለመበተን። ሥጋ ሻጩ ለአብዱ የልጁን ሱፍ ከነፓፒዮኑ ሲሰጥ ዓይኑን ጠቀሰ። ለትንሹ ልጄ ለኢልያስ ጫማ ያዋሰችው ሴት እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች። ለሐያት እትዬ ሙሉ የልጇን የልጅነት የሐበሻ ቀሚስ አመጣች። ጥልፉ መስቀል ነው። «አታስቡ፣ ነጠላውን ደረቷ ላይ አጣፍቼ እሸፍነዋለሁ፤ እኔንም አይከፋኝ፣ እናንተንም አይቆረቁራችሁ» አለች። ከዚያ ጆሮዬ ስር ጠጋ ብላ «ሰውዬው ኸየት ነው?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«እሽ፣ ደብቀኝ!» ብላ ተቀይማኝ ሄደች። እኔም ስለ ባለ ጀልባው ጠይቃኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ቀኑ ደረሰ። ልጆቹን ላሳያችሁ። አብዱ ፓፒዮኑ ስላነቀው አንገቱን ማዞር አልቻለም፤ ሲጠሩት በሙሉ ሰውነቱ ነው የሚዞረው። ኢልያስ ጫማው ስለሰፋው ውስጡ ጨርቅ ጠቅጥቀንበት፣ እንደ ዳክዬ እየተራመደ ነው። ሐያት ብቻ አምሮባታል። ዘይኑ ፀጉሯን ልትሠራላት ማበጠሪያ ይዛ ቀርባ ነበር፤ ልጅቷ «እማ ሠርታኛለች» አለቻት። ዘይኑ ማበጠሪያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጠረጴዛ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሰሀንና ሹካ ባጃጅ ላይ ጭነን ወደ ሐይቁ ወረድን።

ዳር ላይ ስንደርስ ሕዝብ ቆሟል። መጀመሪያ ሰው ውሃ የገባ መስሎኝ ደንግጬ ሮጥኩ። ቀርቤ ሳይ ሁሉም የክት ለብሷል። ሥጋ ሻጩ ከነቤተሰቡ አለ። ጫማ ያዋሰችው አለች። እትዬ ሙሉ ትልቅ አገልግል ይዛ፣ ቤቲን በዚያ ነጭ ቀሚስ አስውባ ቆማለች። ሴቶቹ ድቤ ይዘዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሰዓዳ አጎት ይማም ናቸው። ወሬው በስልክ አምባሰል ገብቶ ውጫሌ ድረስ ዘልቆ፣ እሳቸው በግ ይዘው በሚኒባስ መጥተዋል።

«አንተ፣» አሉኝ በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ «ዘይኑ አባት የላት፤ ለኒካሑ ሽማግሌ ማን ሊሆናት ነው ሳትነግረኝ የቀረህ?»

«የምን ኒካሕ አጎቴ?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት ካፒቴን ከጀልባው ወረደ። ለክብራችን ሲል ቁምጣውን ትቶ፣ ከተገዛ ጀምሮ ተተኩሶ የማያውቅ ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ዘይኑ እንዳትወድቅ ብሎ እጁን ዘረጋላት። እጇን ሰጠችው። እልልታው ተራራውን አስተጋባ! ድቤው ተመታ፣ የሥጋ ሻጩ ልጆች አበባ በተኑ፣ አንዲት ሴት «እንዴት ያለ መልከ መልካም ነው!» ብላ አለቀሰች። እትዬ ሙሉ ግን ካፒቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን እያየችው ያደገ ነውና አገልግሏን ጥላ «አረግ! ይኸ የእኛ ልጅ አይደለም እንዴ?» ብላ ጮኸች። ካፒቴን እንዲህ ሲቀላ አይቼው አላውቅም። እጁን መንጭቆ ጀልባው ውስጥ ተደበቀ።

እኔም የሲሚንቶ ከረጢት በሚያህል ድንጋይ ላይ ወጥቼ እውነቱን ተናገርኩ። ሙሽራ የለም፣ ኒካሕ የለም፣ እህቴ ከልጇ ጋር ውሃ ላይ እራት ልትበላ ነው አልኩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። በመጨረሻ አጎት ይማም ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ኒካሑ ከሌለ በጉ ደስ ይበለው» አሉ። ሳቅ ሆነ። ዘይኑ ከመጣች ጀምሮ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፤ ሰው ላይ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ተቀይሞ ወደ ቤቱ የሄደ አንድም ሰው አልነበረም። «ባይሆንም ለአንቺ ብለን ነው የመጣን፣ የተሰናዳ አይመለስ» ብለው ሣሩ ላይ አነጠፉ። እነዚህን ጎረቤቶች ለሰጠኝ አምላክ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም፤ አልሐምዱሊላህ ብቻ ነው።

አንድ ሰው ግን አልሳቀም። ሐያት እጄን ይዛ ወደ ጎን ጎተተችኝ። ነጠላዋ ተንሸራቶ ጥልፉ ወጥቷል፤ ልብ አላለችውም።

«አብዬ፣ ልታገባ ነው እንዴ የመጣችው?»

«ኧረ አይደለም። ሰዉ ተሳስቶ ነው።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የመጣችው?»

ምላሴ የሚታወቀው በመልካምነቱ ሳይሆን በርዝመቱ ነው፤ ያን ዕለት ግን አጠረብኝ። «ለአንቺ» አልኳት። «ካንቺ ጋር እራት ልትበላ።» ሐያት ዘይኑን አየቻት፤ ዘይኑ አገር ሙሉ ሴት እየሳማት ነበር።

ወደ ጀልባው ስንሄድ ያልጠበቅሁት መጣ። ልብስ ያዋሱ ሁሉ ልጆቻቸው እንዲሳፈሩ ፈለጉ፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ሱፉ ሲሳፈር ባለ ሱፉ ዳር ቆሞ ይይ? ካፒቴን፣ ገና ፊቱ ቀልቶ፣ «ላይፍ ጃኬት ባለው ልክ ልጅ እወስዳለሁ፤ ጠረጴዛ አልወስድም» አለ። ጠረጴዛው፣ ነጩ ጨርቅ፣ ሹካው ሁሉ ዳር ቀረ፤ አጎት ይማም ተቀመጡበት። ሰዓዳም ከእንግዶቹ ጋር ቀረች፤ ከአዋቂ እኔና ዘይኑ ብቻ ተሳፈርን። ለዘይኑም ለእያንዳንዱ ልጅም ከመስጠም የሚያድን ብርቱካንማ ጃኬት ታደለ። አጠለቁት። ሱፉ ጠፋ፣ ፓፒዮኑ ጠፋ፣ ዳንቴሉ ጠፋ፣ የተሸፈነውም የተገለጠውም መስቀል ጠፋ። ከአንገት በላይ ጭንቅላት፣ ከጉልበት በታች እግር ብቻ ቀረ። ያን ያህል የተንከራተትንበት ጥያቄ መልሱ ካፒቴን ጋ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ኖሯል።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ጀልባው መሐል ሐይቅ ሲደርስ ዘይኑን አየኋት። በግራም በቀኝም የሰው ልጅ። የአንዱን አፍንጫ ትጠርጋለች፣ የሌላውን ጃኬት ታጠብቃለች፣ ቤቲ ጭኗ ላይ ወጥታለች። ሐያት ደግሞ ጫፍ ላይ፣ ብቻዋን። እህቴ አንድ ማታ ለመነችኝ፤ እኔ ደግሞ ሞግዚትነቷን ከባሕር ማዶ አምጥቼ ሐይቄ ላይ ሰጠኋት። መሬት ቢኖር መሬት ይዋጠኝ እል ነበር፤ ውሃ ስለሆነ ፈራሁ። ኢልያስ በዚህ መሐል እግሩን ሲያወዛውዝ አንዱ ጫማ ከነጨርቁ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ያዋሰችው ሴት ከዳር «ጫማዬን!» ስትል ይሰማል። ሞተሩም አጓራና ቆመ።

«ምንም አይደል ጋሼ» አለ ካፒቴን፣ «እንዲህ ያደርገዋል። እፈታዋለሁ፣ ይነሳል።»

ፀሐይ እየዘቀዘቀች ነው። ከእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደወል ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶ ከከተማው አዛን። ልጆቹ ራበን አሉ። ዘይኑ የተጠበሰው ዓሣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ፈታች። ሰሀን የለ፣ ሹካ የለ፤ መቀመጫው ላይ ዘረጋችው። እጇን ታጠበች፣ ቢስሚላህ አለች፣ አንዱን ቆሮሶ ዓሣ አንስታ እሾሁን መልቀም ጀመረች። ማንም አላዘዛትም፤ እጇ ራሱ ለምዶት ነው። የለቀመችውን ለሥጋ ሻጩ ልጅ ስትዘረጋለት ልጁ የተሰደበ መሰለው።

«እኛ እናውቃለን!» አለ። ሌሎቹም «እኛ እንችላለን!» እያሉ ዓሣቸውን ነጥቀው ተቀመጡ። ቤቲ እንኳ ከጭኗ ወርዳ የራሷን ያዘች። እውነታቸውን ነው። የሐይቅ ልጅ ዓሣን የሚማረው መራመድ ሲማር ነው። «እሾህማ ለሕፃን ነው የሚለቀም» አለ አብዱ፣ አፉ ሞልቶ።

የዘይኑ እጅ የተለቀመውን ዓሣ እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

ስለ ሐያት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር እንደ እሷ ዓሣ የሚያውቅ ልጅ የለም። ራሱን ይዛ አንዴ ስትስበው አጥንቱ ከነጭራው ተመዞ ይወጣል። ለወንድሞቿ የምትለቅምላቸው እሷ ናት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ወሬ ላይ ከሆንኩ ለእኔም ትለቅምልኛለች። ያን ማታ ግን ዓሣዋን ፊቷ አስቀምጣ አልነካችውም። ዓሣዋን እንደያዘች ከጫፉ ተነሳች፤ ልጆቹን እየተሻገረች መጥታ ዘይኑ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን የራሷ ጭን ላይ አደረገች።

ዘይኑ አየቻት። ያን አየር ላይ የቀረ እጅ ወደ እሷ አዞረችው። ሐያት አፏን ከፈተች፤ ጎረሰች።

«እሷ እኮ ከሁላችን በላይ...» ሲል አብዱ፣ የያዝኩትን ዳቦ እንዳለ አፉ ውስጥ ጠቀጠቅሁበት። በሕይወቴ በሰዓቱ የሠራሁት ሥራ ቢኖር ይሄ ነው።

ዘይኑ ሁለተኛውን ለቀመች። ቀስ ብላ ነው፤ ብርሃኑ እየቀነሰ ስለሆነ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ለሁለተኛ ጊዜ እየፈተሸች። ሐያትም ቀስ ብላ ነው የምታላምጠው። የላይፍ ጃኬቶቻቸው ወፍራም ስለሆኑ በደንብ መጠጋጋት አልቻሉም፤ ልጅቷ የራሷን ፈታ አድርጋ ትከሻዋን አስጠጋች። እኔ «እማ» ትላታለች ብዬ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ ነበር። አላለቻትም። ያለችው ሌላ ነው። ፊቷ የነበረውን የራሷን ዓሣ ወደ ዘይኑ ገፋ አደረገችና፣

«ይኸኛውም እሾህ አለው» አለቻት።

ዘይኑ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ እጇ በዘይት ተነክሮ ስለነበር አልጠረገችውም። «አወጣልሻለሁ» አለች።

ካፒቴን ከኋላ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። «ጋሼ፣ ሞተሩ ተስተካክሏል። ላስነሳው?»

«ቆይ» አልኩት፤ «ገና ዓሣ አለ።»